ለባለቤትዎ ላፕቶፕ ሲገዙ፤ ስሙን ሳይሆን ሥራውን ይምረጡ

በወላጆቻችን ዘመን አንድ ባል ለሚስቱ ሊገዛላት ከሚመኛቸው ዕቃዎች አንዱ የልብስ ስፌት መኪና ነበር። ሲንጀር የሚል ስም የተጻፈባት ያች ጥቁር መኪና ከቤት የገባች ዕለት ቡና ይፈላል፤ ጎረቤትም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ለማለት ይመጣል። መኪናዪቱ ግን ለእይታ ብቻ የተገዛች አልነበረችም። የልጆች ልብስ ይሰፋባታል፤ የጎረቤት ጨርቅ እየተሰፋባትም ለጓዳ የሚሆን ሳንቲም ታስገኛለች። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ በየተራቸው መጡ። ዛሬ ደግሞ ተራው የላፕቶፕ ኮምፒዩተር ሆኗል።

ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤትዎ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ ቃለ ጉባኤውና ሪፖርቱ እስከ ቤት ይከተላቸዋል። በማታ ወይም በርቀት ትምህርት ዲግሪያቸውን የሚከታተሉ ቢሆኑ የመመረቂያ ጽሑፉን በስልክ መጻፍ ጣትን ማድከም ነው። መምህር ቢሆኑ የፈተናው ወረቀትና የተማሪው ውጤት አለ፤ አነስተኛ ንግድ የጀመሩ ቢሆኑም የገቢና የወጪ መዝገብ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሰሚትና አያት ድረስ በተንጣለለው በዚህ በምሥራቁ የከተማችን ክፍል «የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ የብዙ አዲስ ትዳር ጥያቄ ሆኗል።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት የምንነጋገረው የኮምፒዩተር መሐንዲስ ልናደርግዎ አይደለም። ከሱቅ በገቡ ጊዜ ሻጩ የሚደረድርልዎትን ስምና ቍጥር ተረድተው፣ በላብዎ ያገኙትን ገንዘብ በሚገባው ቦታ እንዲያውሉት ብለን ነው።

ነገሩ ለምን ከባድ ሆነ?

አስቀድመን ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። ላፕቶፕ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው የዶላርን ዋጋ እየተከተለ ይወጣል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ሒሳቡን እናስላው። በውጭ አገር 300 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ በ57 ብር ሲመነዘር 17,100 ብር ነበር። በ100 ብር ሲመነዘር 30,000 ብር ይሆናል። ይህም ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና ሳይታሰብ ነው።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመንግሥት ሥራ የሚጀምር ሰው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ግብሩና የጡረታ መዋጮው ሳይቀነስ፣ የቤት ኪራይና አስቤዛም ሳይታሰብ እንኳ ያ 30,000 ብር ከሁለት ወር ተኩል ደመወዝ በላይ ነው። ብዙ ባልና ሚስት ይህን ገንዘብ የሚያገኙት ዕቁብ ሲወጣላቸው ወይም በብድርና ቁጠባ ማኅበር ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡ ነው። ስለዚህ ዕቃው ከተገዛ በኋላ «ተሳስተናል፤ ሌላ እንግዛ» ማለት ለብዙዎቻችን የማይቻል ነገር ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ገበያ ግን አፍስሶ መልቀምም አይገኝም።

አስቀድመው ባለቤትዎን ይጠይቁ

በዚህ ነገር ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ከሱቅ ሳይደረስ ገና ከቤት የሚሠራው ነው። ገዢው የሚገዛው ለባለቤቱ መሆኑን ይረሳና ለራሱ የሚያምረውን ይመርጣል። ኳስና የመኪና እሽቅድድም የሚጫወትበትን ትልቅና ከባድ ላፕቶፕ ገዝቶ «ላንቺ ነው» የሚል ባል አለ። ማማሩን ብቻ አይታ፣ ሁለት ፋይል ሲከፈትበት የሚቆመውን ቀጭን ዕቃ ለባሏ ይዛ የምትመጣ ሚስትም አለች። የሁለቱም አሳብ የፍቅር ነው፤ ዕቃው ግን ሥራ አይሠራም።

ስጦታውን ድንገተኛ ለማድረግ ከፈለጉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ባለቤትዎን በጥንቃቄ ይመልከቱ። ለመጠየቅ ፈቃደኛ ከሆኑ ግን፣ እኛም ይህንኑ እንመክራለን፣ እነዚህን አራት ነገሮች ይጠይቁ።

አንደኛ፤ ምን ይሠሩበታል? ደብዳቤና ሪፖርት መጻፍ፣ የኤክሴል ሠንጠረዥ መሥራት፣ ኢሜይል መላክ፣ በዙም መሰብሰብ፣ ትምህርት ማንበብና ፊልም ማየት ከሆነ ይህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ መካከለኛ ላፕቶፕ በሚገባ ይበቃዋል። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠሩም ቢሆኑ ከዚሁ ብዙ አይርቁም። የሕንፃ ንድፍ በአውቶካድ መሥራት ወይም ቪዲዮ መቍረጥና ማቀናበር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ምክር ለእነሱ አይበቃም።

ሁለተኛ፤ የት ይሠሩበታል? ከቤት የማይወጣ ከሆነ 15.6 ኢንች ስክሪን ያለው ለዓይን ይመቻል። ነገር ግን ባለቤትዎ ጠዋት ከአያት ወይም ከጎሮ ተነሥተው፣ መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዘው፣ ማታ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉ ከሆነ ክብደቱን ያስቡላቸው። 14 ኢንች ስክሪን ያለው ሆኖ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆነው፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ከሚመዝነው ጋር በትከሻ ላይ ሲውል ልዩነቱ ይታወቃል።

ሦስተኛ፤ በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ይከፍታሉ? አንድ ጽሑፍ ብቻ ከፍተው የሚሠሩ አሉ፤ ሃያ ገጽ ከበይነ መረብ ከፍተው፣ በላዩ ዙም አስነሥተው፣ ጽሑፋቸውንም የሚጽፉ አሉ።

አራተኛ፤ ስንት ዓመት እንዲያገለግል ይፈልጋሉ? ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ የሚሆንና ልጅ እስኪያድግ የሚቆይ አንድ አይደሉም።

ጸሐፊው፣ ጠረጴዛውና መዝገብ ቤቱ

ሻጩ በመጀመሪያ የሚነግርዎ የፕሮሰሰሩን ስም ነው። ለመሆኑ ፕሮሰሰር ማለት ምን ማለት ነው? በአንድ መሥሪያ ቤት ብንመስለው ነገሩ ቀላል ይሆናል።

ፕሮሰሰሩ ጸሐፊው ነው፤ የሚታዘዘውን ሥራ ሁሉ የሚያከናውነው እሱ ነው። ራም የሚባለው የጸሐፊው ጠረጴዛ ነው፤ አሁን የሚሠራባቸው ወረቀቶች የሚዘረጉት በእሱ ላይ ነው። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ መዝገብ ቤቱ ነው፤ ያለቀውም ያላለቀውም ፋይል የሚቀመጠው እዚያ ነው።

እንግዲህ የሚከተለውን ያስቡ። ጸሐፊው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ አንዱን ወረቀት አንሥቶ ሌላውን ለማስቀመጥ ወደ መዝገብ ቤት ሲመላለስ ይውላል። መዝገብ ቤቱም ሩቅ ከሆነ ምልልሱ ቀኑን ይጨርሰዋል። «ኮምፒዩተሬ ተንቀራፈፈ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ጸሐፊውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠረጴዛውና የመዝገብ ቤቱ ነው።

ስለዚህ ለዕለት ተዕለት ሥራ ራሙ 8 ጊጋባይት ቢሆን ይበቃል፤ ከ8 በታች ግን አይውረዱ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ለሚከፍቱ ሰዎች 16 ጊጋባይት ይሻላል። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ኋላ መጨመር አይቻልም፤ ይህን ሳይጠይቁ አይግዙ።

መዝገብ ቤቱን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ። አሮጌው ዓይነት በውስጡ የሚሽከረከር ሰሐን ያለው ነው፤ በላፕቶፖች ውስጥ የተለመደው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። በፍጥነት በእጅጉ ይበልጣል፤ በታክሲ ሲንገጫገጭና ከጠረጴዛ ጫፍ ሲወድቅም ከአሮጌው ይልቅ ይችላል። 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ 1,000 ጊጋባይት አሮጌ ዲስክ ካለው ይልቅ ለባለቤትዎ ሥራ የተሻለ ነው። የቍጥሩ ትልቅነት አያታልልዎ።

ቍጥሩን ማንበብ ይልመዱ

አሁን ወደ ጸሐፊው እንመለስ። በአንድ ቁራጭ ሲሊኮን ላይ ሙሉ ሆኖ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ያወጣው 4004 የተባለው ነው። የተሠራው ለአንድ የጃፓን የሒሳብ መኪና ሲሆን 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። ዛሬ በላፕቶፕ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በቢሊዮን ይቈጠራሉ። ስማቸውም እንደዚሁ ስለበዛ ገዢው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

በገበያችን በብዛት የሚሰማው «ኮር አይ3፣ ኮር አይ5፣ ኮር አይ7» የሚለው የኢንቴል ስም ነው። ብዙ ሰው 7 ከ5 ስለሚበልጥ «ኮር አይ7 ካልሆነ አልገዛም» ይላል። ይህ አስተሳሰብ ነው ገንዘብ የሚያስበላው። ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈውን ቍጥር ያንብቡ፤ ዋናው ምሥጢር እዚያ ነው።

ለምሳሌ አይ5-8250ዩ የሚል ቢያገኙ፣ 8 የሚለው የመጀመሪያው አኃዝ ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ ማለት ስምንተኛ ትውልድ መሆኑን ያሳያል። ቍጥሩ በ1 የሚጀምር ከሆነ ግን ሁለቱን አኃዞች አንድ ላይ ያንብቡ፤ አይ5-1135ጂ7 ዐሥራ አንደኛ ትውልድ ነው፤ አይ3-1215ዩ ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛ ነው።

አሁን አንድ እውነተኛ ማነጻጸሪያ እንስጥዎ። አይ7-7500ዩ ሰባተኛ ትውልድ ነው፤ በውስጡ ያሉት ኮሮች፣ ማለት ጎን ለጎን የሚሠሩት ጸሐፊዎች፣ ሁለት ናቸው። አይ5-8250ዩ ከእሱ አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ የወጣ ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ ኮሮቹ ግን አራት ናቸው። ስለዚህ «አይ5» የተባለው «አይ7» ከተባለው ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ያነሣል። ዐሥራ ሁለተኛው ትውልድ አይ3-1215ዩ ደግሞ ስሙ ትንሽ ቢሆንም ስድስት ኮር አለው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በላፕቶፕ ነገር ግን ስም ከሱቁ ደጅ አያልፍም።

ከቍጥሩ መጨረሻ ያለችውን ፊደልም ይመልከቱ። «ዩ» የሚለው ኀይል ቈጣቢ ነው፤ 8250ዩ ለምሳሌ የተሠራው ለ15 ዋት ነው። «ኤች» የሚለው በአብዛኛው ለ45 ዋት የተሠራ ጕልበተኛ ነው፤ ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣው ይጮኻል፣ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳል። ለንድፍና ለቪዲዮ ሥራ ደግ ነው፤ ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ግን በሬ ባለበት እርሻ ላይ ትራክተር እንደ መከራየት ነው።

ሴሌሮን የሚባሉትም አሉ። ከእነሱ መካከል ኤን4020 የተባለው ሁለት ኮር ብቻ ያለው ደካማ ነው። ከእሱ ጋር አብዛኛውን ጊዜ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ይመጣል። አዲስ ስለሆነና ዋጋው ስለሚቀንስ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ማስቀመጫውን ዊንዶውስ ራሱ ይሞላዋል፤ ባለቤትዎም ጥቂት ቈይተው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ።

የኢንቴል ተወዳዳሪ የሆነው ኤኤምዲ ደግሞ ራይዘን የሚባለውን ስም ያወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ነው። ራይዘን መልካም ፕሮሰሰር ነው፤ ቍጥሩ ግን የበለጠ ያሳስታል። ከ7000 ጀምሮ ባሉት የላፕቶፕ ቍጥሮች የመጀመሪያውን ሳይሆን ሦስተኛውን አኃዝ ይመልከቱ። ራይዘን 5 7520ዩ የሚለው ሦስተኛ አኃዙ 2 ነው፤ ይህም በ2019 የወጣው አሮጌ ንድፍ መሆኑን ያሳያል፤ ኮሮቹም አራት ናቸው። ራይዘን 5 7530ዩ ሦስተኛ አኃዙ 3 ነው፤ ንድፉ የተሻለ ሆኖ ኮሮቹ ስድስት ናቸው። በሁለቱ መካከል የተለወጠችው አንዲት አኃዝ ብቻ ናት፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

ኢንቴልም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ «አይ» የምትለውን ፊደል ትቶ «ኮር አልትራ» የሚል ስም አውጥቷል፤ ቍጥሩንም ከ1 እንደ አዲስ ጀምሮታል። ስለዚህ ኮር አልትራ 5 125ዩ የሚል ቢያዩ አሮጌ ነው ብለው አይናቁት፤ አዲስ ነው።

ያገለገለ ወይስ አዲስ?

በቦሌም ሆነ በመገናኛ ብዙ ገዢ የሚመርጠው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ የሚባሉት የውጭ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የሚገዟቸው ናቸው፤ ኩባንያዎቹ ሲቀይሯቸው ተጠግነውና ተወልውለው ወደ እኛ ይመጣሉ። ለሥራ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ አካላቸው ጠንካራ፣ ኪቦርዳቸው ምቹ ነው። በአንድ ዓይነት ዋጋ ደካማ አዲስና ጠንካራ ያገለገለ ቢቀርብልዎ፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ በደንብ የተመረመረው ያገለገለ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ድንበር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቅሉ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ፣ ከኤኤምዲም ከራይዘን 2000 ወዲህ ያሉትን እንጂ ከዚያ በፊት የወጡትን በይፋ አይቀበልም። ይህ ማለት ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የሆኑት ላፕቶፖች ነገ ይሞታሉ ማለት አይደለም፤ ይሠራሉ፤ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ጭኖ መጠቀምም ይቻላል። ሆኖም የደኅንነት ጥገና በማያገኝ ዕቃ ላይ የባንክና የመሥሪያ ቤት ጉዳይ መሥራት ጥሩ አይደለም። በውጭው ዓለም የተጣሉት እነዚህ ላፕቶፖች በርካሽ ወደ ገበያችን ሊጎርፉ ስለሚችሉ ርካሽነታቸው ከየት እንደ መጣ ይወቁ። ስምንተኛውን ትውልድ እንደ ዝቅተኛ ወለል ይያዙ፤ ገንዘቡ ከፈቀደ ዐሥረኛና ከዚያ በላይ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ

በሠፈራችን መብራት የሚጠፋው ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ይመስላል። ስለዚህ ባትሪው ከፕሮሰሰሩ የማያንስ ነገር ነው። የባትሪ መጠን የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። 50 ዋት-ሰዓት ያለው ባትሪ፣ ላፕቶፑ በአማካይ 10 ዋት ቢበላ አምስት ሰዓት ያሠራል። ያገለገለ ባትሪ ግን እየደከመ ይሄዳል፤ 50 የነበረው 25 ቢደርስ ያው ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ይዘልቃል። ዊንዶውስ የባትሪውን የመጀመሪያ መጠንና የአሁኑን መጠን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሪፖርት ማውጣት ይችላል፤ ሻጩ አውጥቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ቻርጀሩንም ያንብቡ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ከየትም አገር ቢመጣ ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣው ሶኬቱ ጠፍጣፋ፣ ከዱባይ የመጣውም ባለ ሦስት ጥርስ ስለሚሆን ገመዱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ጠፍቶ የመጣ መብራት ዕቃ ያቃጥላልና ከርካሽ ዲቫይደር ይልቅ ደኅና ስታቢላይዘር ቢገዙ ወጪው አይቈጭም።

ስለ ፊደላችን

ባለቤትዎ በአማርኛ የሚጽፉ ከሆነ ደስ የሚል ነገር አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ስለሆነ፣ ዛሬ ማናቸውም ላፕቶፕ አማርኛ ያነባል። ለመጻፍም በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የአማርኛ ኪቦርድ፣ ወይም ኪይማንና ፓወር ግዕዝ የሚባሉትን መጠቀም ይቻላል። ለዚህ ልዩ ፕሮሰሰር አያስፈልግም፤ «ለአማርኛ የሚሆነው ይኸኛው ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ ፈገግ ብለው ይለፉት። በቀድሞው፣ ዩኒኮድ ባልሆነው ፊደል የተጻፉ የመሥሪያ ቤት ሰነዶች ግን ያው ፊደል ካልተጫነ የማይነበብ ምልክት ሆነው ይታያሉ፤ ስለዚህ ባለቤትዎ ከቢሮ የሚያመጡትን አንድ ፋይል በፍላሽ ይዘው ሄደው ሱቁ ውስጥ ከፍተው ይሞክሩ።

ከሱቅ ሲደርሱ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች። በትሕትና ይጠርጥሩ። በተለጣፊ ወረቀት የተጻፈውን አይመኑ፤ ተለጣፊ ይቀየራል። ላፕቶፑን አስነሥተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቍልፎች አብረው ይጫኑ። ታስክ ማኔጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቍጥር፣ የኮሩ ብዛት፣ የራሙ መጠንና የዲስኩ ዓይነት ይታያል። አንድ ዓይነት የሞዴል ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ፕሮሰሰር ሊኖራቸው ይችላልና ለአንዱ ያዩትን ለሌላው አይውሰዱ።

ቀጥለው ኪቦርዱን አንድ በአንድ ይጫኑ። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ይሞክሩ። ነጭ ገጽ ከፍተው ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ጥላ እንዳለ ይመልከቱ። ሩብ ሰዓት ያህል ቪዲዮ እያጫወቱ ሙቀቱን በእጅዎ ይዳስሱ። ሻጩ ቢቸኩል እርስዎ አይቸኩሉ።

ያገለገለ ከሆነ አንድ የተሰወረ አደጋ አለ። የውጭ ኩባንያ ንብረት የነበረ ላፕቶፕ ከኩባንያው መዝገብ ሳይሰረዝ የተሸጠ እንደ ሆነ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ከበይነ መረብ ጋር በተገናኘ ጊዜ የዚያን ኩባንያ ስም አውጥቶ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ያን ጊዜ ዕቃው በእጅዎ፣ ቍልፉ በሰው አገር ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ዊንዶውሱ ከመጀመሪያው እንዲጀመርና በስልክዎ ኢንተርኔት እንዲገናኝ ያድርጉ። ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ ከሁለት ወር ተኩል ደመወዝ ጋር ሲተያይ ግን ምንም አይደለም።

በመጨረሻም ደረሰኝ ይቀበሉ። «ያለ ደረሰኝ ቢሆን እንቀንስልዎታለን» ሲሉዎት 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የተረፈ ይመስልዎታል። ነገር ግን ነገ ዕቃው ቢበላሽ ከዚያ ሱቅ መግዛትዎን በምን ያስረዳሉ? ደረሰኙ ላይ የዕቃው መለያ ቍጥርና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ።

በኪስዎ የሚይዟት ወረቀት

ይህን ሁሉ ማስታወስ ካስቸገረዎ የሚከተለውን በትንሽ ወረቀት ገልብጠው ይያዙ።

1. ፕሮሰሰር፤ ኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ አራት ኮር፣ መጨረሻው «ዩ»። ወይም ተመጣጣኝ ራይዘን።
2. ራም፤ 8 ጊጋባይት፣ ቢቻል 16። መጨመሪያ ቦታ አለው ወይ?
3. ዲስክ፤ ኤስኤስዲ፣ ቢያንስ 256 ጊጋባይት።
4. ስክሪን፤ ለተጓዥ 14 ኢንች፣ ለቤት 15.6።
5. ባትሪ፤ ከመጀመሪያው መጠኑ ምን ያህሉ ቀርቷል?
6. ዊንዶውስ 11 ይቀበላል ወይ? የኩባንያ ቍልፍ የለበትም ወይ?
7. ደረሰኝ፣ መለያ ቍጥር፣ ዋስትና።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃስ? በቅድሚያ የሚጨመረው ለኤስኤስዲው፣ ቀጥሎ ለራሙ፣ ከዚያ ለፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። «አይ5» ወይም «አይ7» ለሚለው ስም የሚጨመረው ከሁሉ በኋላ ነው። ትውልዱ ስምንተኛ ሆኖ መጨመሪያ ቦታ ካለው፣ ዛሬ በ8 ጊጋባይት ገዝቶ ለከርሞ ሌላ 8 መጨመር ለትንሽ ኪስ የተገኘ ታላቅ ዘዴ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ላፕቶፕ እንደ ወርቅ በሣጥን የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ዋጋው በየዓመቱ ይወርዳል፤ በአምስትና በስድስት ዓመት ውስጥም ያረጃል። የሚተርፈው በእሱ ላይ የተሠራው ሥራ ነው፤ የተጠናቀቀው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በሰዓቱ የደረሰው ሪፖርት፣ የተስተካከለው የሒሳብ መዝገብ። ስለዚህ ለባለቤትዎ ሲገዙ፣ ሱቁ ውስጥ ለብቻዎ ቆመው ከሻጭ ጋር ከመማከር በፊት፣ ማታ በቤትዎ ሻይ እየጠጡ ከባለቤትዎ ጋር ይመካከሩ። ገንዘቡም የሁለታችሁ ነውና ምርጫውም የሁለታችሁ ይሁን። መልካም ግዢ ይሁንላችሁ።